ውሃ ውስጥ በውሃ ጥም

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተሩ የሰኞ ጠዋት ሻዩን ገና በከንፈሩ እየለካ ነበር። የደወለችው ሴት አላለቀሰችም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። "ሁሉም አልቀዋል" አለች። "ቅዳሜ ጥያቸው ስሄድ ደህና ነበሩ።"

"ሟቾቹ ስንት ይሆናሉ?"

"ማን ቆጥሯቸው። ሺዎች ናቸው።"

ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

ይህ ኢንስፔክተር በዚያ ከተማ በሁለት ነገር የታወቀ ነው። አንዱ ጢሙ ነው፤ ከባለቤቱ አንድ እርምጃ ቀድሞ ክፍል የሚገባ፣ ሲቆጣ የሚቆም፣ ሲያዝን የሚተኛ ጢም። ሌላው ዶሴ ነው። የከፈተውን ዶሴ ሳይዘጋ ሳምንት አሳልፎ አያውቅም፤ "ዶሴ ዘጊው" የሚል ስም የወጣለትም ለዚህ ነው። ሌቦች ኮቴውን ከሰሙ የሰረቁትን ብቻ ሳይሆን በላባቸው የገዙትንም ይመልሳሉ ይባላል። የሚለው በአብዛኛው ራሱ ቢሆንም፣ ይባላል።

ሽጉጡን ታጠቀ። ሳጅኗ መኪናውን አስነሳች። ሳጅኗ ከእሱ ጋር ዘመን የቆጠረች፣ የሚነግራትን ሁሉ ለሁለት አካፍላ የምትሰማ ሴት ናት። በመንገድ ላይ የሺዎች እልቂት መድረሱን ሲነግራት ጥቂት ሰዎች ታመው ይሆናል ብላ ገመተች። ሁለቱም ተሳስተዋል። የምርምር ጣቢያው ግቢ ሲደርሱ ያገኙት አንዲት ነጭ ካፖርት የለበሰች ዶክተር፣ አንድ ሰፊ የመስታወት ቤት፣ በመስታወት ቤቱም ውስጥ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ገንዳዎች ነው። ገንዳዎቹ ውስጥ የገረጣ ቅጠል ተዘርሯል። ሌላ ሬሳ የለም።

ሳጅኗ ገንዳዎቹን አየች፤ አለቃዋን አየች።

"ሽጉጡን ይመልሱት አለቃ፤ እጃቸውን ሰጥተዋል" አለች።

የኢንስፔክተሩ ጢም ቆመ። በአገሩ ላይ ስንት ነፍሰ ገዳይ በነጻ እየተንቀሳቀሰ እሱን ለጎመን ነገር ጠሩት! ዞሮ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ወገቡ ላይ ቀጥ አድርጎ ያዘው፤ ግቢው ውስጥ ካለው ከዶክተሯ መኖሪያ ቤት በር እስከ መስታወት ቤቱ ውስጥ የተወጠረ ገመድ ነበር።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የአባዬ መንገድ ነው" አለች ዶክተሯ።

አባቷ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ያንን ገመድ ይዘው ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፤ የመስታወት ቤቱ ሙቀት ለጉልበታቸው ይስማማል። አሁንም እዚያው ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ መዳፋቸው እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ የደረቀ ሽማግሌ ናቸው። ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲላቸው እጁን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"ልጄ አልቅሳለች?" አሉ በሹክሹክታ።

"አላለቀሱም አባባ።"

"እሱ ነው የከፋው" አሉ ሽማግሌው። ከዚያም፣ ሰውን በጥቂቱም ቢሆን ለማጽናናት እንደሚደረገው፣ "ያም ሆኖ ሽታው ተሻለ" አሉ።

ኢንስፔክተሩ ሽጉጡን ወደ ማኅደሩ፣ ቁጣውንም ወደ ሆዱ መለሰ።

*

ዶክተሯ ነገሩን ያስረዳችው ከመስታወት ቤቱ ውጪ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። አባቷ እንዳይጨነቁ ይሆናል ብሎ ኢንስፔክተሩ ገመተ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የቆዳ ፋብሪካ ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ በጨው ይይዛል፤ ኋላ ጨውን ያጥበዋል። ያንን የታጠበበትን ጨዋማ ውሃ ወደ ሐይቁ ለመልቀቅ ፈቃድ ጠይቋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ወይም የሚነሳው የውሃ ቦርዱ ሲሆን፣ የሚሰበሰበውም በሳምንቱ መጨረሻ፣ ዓርብ ነው። ዶክተሯ አንድ ነገር እንድትመልስ ተጠይቃለች፦ ያ ውሃ የሐይቁን ተክል ምን ያደርገዋል? እሷም ከሐይቁ ሁለት ዓይነት ተክል አመጣች። አንዱ ቅጠሉ እንደ ትሪ የሰፋ የውሃ አበባ ነው። ሌላዋ ምስር የምታክል ተንሳፋፊ ቅጠል ናት፤ በጣቢያው ውስጥ "የውሃ ምስር" ይሏታል። በቀኙ ረድፍ ገንዳዎች የፋብሪካውን ውሃ ከቀጭን እስከ ብርቱ አድርጋ ቀላቀለችበት። በግራው ረድፍ የሐይቅ ውሃ ብቻ አኖረች።

በቀኙ ረድፍ ጨዉ በበረታ ቁጥር ሥሩ እያጠረ፣ ቅጠሉ ከጠርዙ እየነጣ፣ አዲስ መውለድም እየተወ ሄደ። የግራው ረድፍ ግን ሌላ ዓለም ነበር። ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራረበ፤ ውሃው ጠፍቶ ገንዳው ሁሉ የለመለመ ምንጣፍ መሰለ።

"አሁን ግራውም አለቀ" አለች። "ዓርብ የሚሉኝን አውቀዋለሁ። ጨው ያለበትም ሞተ፣ የሌለበትም ሞተ፤ እንግዲህ ገዳዩ የሴትዮዋ አያያዝ ነው ይላሉ። ፈቃዱን ያገኛሉ። ሐይቁም አለቀለት።"

ኢንስፔክተሩ አንድ ነገር አልገባውም። ጨው ምግብ ላይ ቢበዛ ያስጠማል፤ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚኖር ነገር እንዴት በጨው ይሞታል?

"እንደ ሰው ነው። ጨዉ ውስጣቸው ያለውን ውሃ ይስብባቸዋል። ውሃ ላይ ተኝተው በውሃ ጥም ነው የሚሞቱት" አለች።

የኢንስፔክተሩ ጢም ተኛ። ስንት አሟሟት አይቷል፤ ሲያወራው ደግሞ ከዚያ እጥፍ አይቷል፤ እንዲህ ያለውን ግን ሰምቶ አያውቅም። ዶሴው በዚያች ደቂቃ ተከፈተ።

ወደ ውስጥ ተመልሶ ማጉያ መነጽሩን አወጣ። በሰፋፊዎቹ የአበባ ቅጠሎች ላይ ሟሙቶ ያላለቀ ሸካራ የጨው ፍሬ አለ፤ ከእያንዳንዱ ፍሬ ሥር ቅጠሉ ተቃጥሎ ቀዳዳ ሆኗል። አንዷ ፍሬ ላይ አጭር ፀጉር ተጣብቃለች።

"የእርስዎ ጢም እንዳይሆን" አለች ሳጅኗ።

"የከብት ናት" አለ ተቆጥቶ።

ሌላም ነገር አየ። ጨዉ የትም አልተቆለለም፤ የትም አልሳሳም። ከገንዳ እስከ ገንዳ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ተለክቶ እንደ ወረደ ካፊያ እኩል ነው። ጠላት ቢሆን ከረጢቱን ገልብጦ በሮጠ። ይህን ያደረገ ሰው ግን አልቸኮለም፤ እንዲያውም የተጠነቀቀ ይመስላል።

ሳጅኗ ለኤግዚቢት የሚሆን ከግራው ረድፍ ጥቂት የውሃ ምስር በብርጭቆ ማሰሮ ቀዳች። ከገረጡት መካከል ሁለት ሦስቱ ከሥር በኩል ገና አረንጓዴ ነበሩ።

*

የመስታወት ቤቱን የውጪ በር ቁልፍ የያዙት ዶክተሯና ረዳቷ ብቻ ናቸው። በገመዱ በኩል ያለችው ትንሽ በር ወደ መኖሪያ ቤታቸው እንጂ ወደ ውጪ አታወጣም። ዶክተሯ ቅዳሜና እሁድ ከሐይቁ ማዶ ናሙና ስትሰበስብ ነበር፤ አብረዋት የሄዱት ሁሉ መሰከሩላት። ታዲያ ማን ቀረ?

ረዳቱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሰማ የሚጎብጥ ወጣት ነው። ገንዳዎቹን እንዲጠብቅ አደራ የተጣለበት እሱ ነበር። የት ነበርክ ሲባል እዚሁ አለ። ቀኑን ሙሉ? ቀኑን ሙሉ አለ፤ ጆሮው ግን በርበሬ መሰለ። ሳጅኗ መንገዱን ተሻግራ ሱቆቹን ስትጠይቅ፣ ሁለቱንም ቀን ወጣቱ በፋብሪካው በር ሲገባ እንደታየ ነገሯት።

ለኢንስፔክተሩ ነገሩ አለቀ። ፀጉር ያለበት ጨው የቆዳ ጨው ነው፤ የቆዳ ጨው ከፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካ የገባው ይሄ ነው። ሰዎች ዓመት የሚለፉበትን እሱ ከምሳ በፊት እንደሚጨርሰው ለሳጅኗ እያወራላት፣ ረዳቱን ፊት ለፊቱ አስቀመጠው።

"ስንት ሰጡህ?"

"ምንም አልሰጡኝም።"

"በነጻ ሸጥካቸው?"

ወጣቱ የባሰ ጎበጠ። ዶክተሯ በመስኮቱ በኩል ስታየው ዓይኗ ላይ የነበረው ነገር ከማንኛውም ካቴና ይከብድ ነበር። ኢንስፔክተሩ ካቴናውን ሊያወጣ ሲል ሳጅኗ ክርኑን ነካ አድርጋ፣ መጀመሪያ እስቲ የበሩን ልጅ እናናግራት አለችው።

የበሩ ልጅ በፋብሪካው መግቢያ የጭነት መኪና የምትመዝን፣ ዓይን አፋርነት የማያውቃት፣ ሳቋ ከሚዛን ክፍሉ አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ ወጣት ናት። ስለ ረዳቱ ስትጠየቅ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አዘነች። ሁለቱንም ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከፊቷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሹፌሮቹ ሁሉ አይተውታል፤ ለምስክርነትም ይሻማሉ።

"ምን ሊያደርግ መጣ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"እሱን ነው እኔም የምጠብቀው" አለች። "የልቡን ይነግረኛል ስል ስለ ሥር ርዝመት ነገረኝ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ አንድ ሥር በጨው ውሃ እንዴት እንደሚያጥር። መጨረሻ ላይ እኔው እያዘንኩለት መጣሁ።"

"ለረዳቱ?"

"ለሥሩ።"

ረዳቱ የደበቀው ይህንን ነበር። አደራውን ጥሎ መሄዱ፣ የሄደውም የዶክተሯ ባላጋራ ወደሆነው ፋብሪካ መሆኑ ሁለት ጊዜ አሳፍሮታል። ሳጅኗ ቀስ ብላ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ቅጠል እንዲጀምርላት መከረችው። ዶክተሯ ተቆጣችው፤ ቀጥላም ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው።

*

ረቡዕ ዕለት ኢንስፔክተሩ ፊቱን ወደ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አዞረ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ አንድም ወረቀት የሌለበት፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። የሆነውን ሰምቶ ደስ አለው፤ ደስታውንም አልደበቀም።

"እኔ ብሆን አደርገው ነበር ወይ? ምናልባት" አለ። "ግን ሰው እንዴት ደረቅ ጨው ያባክናል? የጨው ውሃ በቧንቧዬ ሌት ተቀን ይፈሳል። አንድ በርሜል አስይዤ መላክ ሲበቃኝ፣ ጨው ተሸክሜ ገንዳ ለገንዳ እየዞርኩ የምነሰንሰው ምን ሆኜ ነው?"

ኢንስፔክተሩ ይህን ሰው ሊወደው ባይችልም ሊክደው አልቻለም። እውነቱን ነው። ቢጠላውም እውነቱን ነው።

በዚያው የጨው መጋዘኑን እንዲያሳዩት ጠየቀ። መጋዘኑ ውስጥ ጥሬ ቆዳ ፀጉሩ ወደ ታች ሆኖ አንዱ በአንዱ ላይ ተነጥፏል፤ በየመካከሉ ጨው አለ። አንድ ጎልማሳ ጨው ነስናሽ ከባልዲው እፍኝ ዘግኖ፣ የእጁን አንጓ ብቻ ወዝወዝ አድርጎ፣ ከወዲያኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ራሱ ሲያመጣው ጨዉ በአየር ላይ እንደ መጋረጃ ተዘረጋ። ሲያርፍ የትም አልተቆለለም፤ የትም አልሳሳም።

ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን አያት። እሷም አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም የሚያስቡት ያው ነበር።

"ይህን ማን አስተማረህ?"

"ሁላችንንም ያስተማሩን አንድ ሰው ናቸው፤ 'ዝናቡ' ነበር የምንላቸው" አለ ነስናሹ። ድምፁ ሞቀ። "ጨዉ ከእጃቸው ሲወርድ ቆዳው ራሱ አፉን ይከፍታል የሚባልላቸው። ቆዳ ተበላሸ አልተበላሸ በዓይን አያዩም ነበር፤ በአፍንጫቸው ነው። ትንሽ ከሸተታቸው፣ 'ሳይቀድመን ቅደሙት' ይሉና ጨው ነው።"

"አሁን የት ናቸው?"

"ዓይናቸው ሲደክም ወጡ። እኛ ቤት ልማድ አለ፤ ጨው ነስናሽ ሲሰናበት፣ በመጨረሻ ከያዘው ቆዳ ላይ የተራገፈውን ጨው በከረጢት ይዞ ይወጣል። እጁ ያለቀው እዚያ ውስጥ ነዋ፤ ለማን ይተወዋል? እሳቸውም ከረጢታቸውን ታቅፈው ሄዱ። ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ልጃቸው ዶክተር ናት፤ የሰው አይደለችም፣ የሣር ዶክተር።"

ሳጅኗ አንገቷን ደፋች። ኢንስፔክተሩም በሙያ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወንጀለኛውን ባላገኘሁት ብሎ ተመኘ።

*

በማግስቱ ዶክተሯ ቢሮ ውስጥ ሳለች፣ ኢንስፔክተሩ በገመዱ በኩል ገብቶ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ጉልበታቸው ጠየቃቸው። ስለ ራሱ ጉልበትም ነገራቸው፤ እሱ ሲነግራቸው ጉልበቱ ሦስት ዘራፊ አሳድዶ የደከመ ጉልበት ሆነ። ሽማግሌው ሳቁለት። ከዚያ ነስናሹን ለምኖ ያመጣውን ጨው ከኪሱ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

ዝናቡ አሸተቱት። ፊታቸው በራ።

"ከኛ ቤት ነው" አሉ።

"እስቲ አባባ፣ እንዴት እንደሚነሰነስ ያሳዩኝ።"

አላንገራገሩም። ተነሥተው አንጓቸውን ወዘወዙት። ጨዉ ሲሚንቶው ወለል ላይ ሲወርድ የተሰማው ድምፅ፣ ካፊያ ቆርቆሮ ሲነካ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ወለሉ ላይ እኩል ተነጠፈ። ከዚህ የበለጠ የጣት አሻራ በምድር ላይ የለም።

"ቅዳሜስ አባባ?"

ሽማግሌው ተቀመጡ። እጁን ፈልገው ያዙት።

"ለሷ እንዳትነግራት። ሥራዋ ቀድሞ ተበላሽቶባት ነበር።"

"እንዴት?"

"የግራው ረድፍ ይገማ ነበራ! ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ይሸተኛል፤ በየቀኑ እየባሰ። ቀኙ ደህና ነው፤ ጨው ጨው ይላል፤ እሱን በደንብ ይዛዋለች። ግራውን ረስታዋለች አልኩ። ደክሟታል፣ እንቅልፍ የላትም፣ ምን ብዬ ልንገራት? 'ልጄ፣ የለፋሽበት እየበሰበሰ ነው' ይባላል? ስትወጣ ጠብቄ ከረጢቴን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ገንዳውን በእጄ እየዳበስኩ አንድ በአንድ ያዝኩላት። አንዱንም አልዘለልኩም።" ድምፃቸው ወረደ። "ዘግይቼ ነው እንጂ። ቀድሜ ደፍሬ ብሆን ኖሮ ይድኑላት ነበር። ይኸው ነው የሚቆጨኝ።"

ኢንስፔክተሩ ዕድሜ ልኩን ውሸት ያላጣ ሰው ነው። አንድ ሌባ ሲይዝ አሥር አድርጎ ያወራል፤ ድመት ቢያባርር ነብር ነበር ይላል። አሁን ግን አንዲት ደግ ውሸት ቢፈልግ፣ አንዲት ብቻ፣ አፉ ውስጥ አጣት። ጢሙን ያዘ። ለቀቀው።

"አባዬ" አለ ከበስተኋላቸው የሴት ድምፅ።

ዶክተሯ ገመዱን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህል እንደሰማች ፊቷ ይናገራል። መጥታ ወለሉ ላይ፣ ጨዉ መካከል፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ያቺ ስንት ጊዜ "ይህን ያደረገውን ሰው ዓይኔ እንዳያየው" ስትል የከረመች ሴት ጉልበታቸው ላይ ግንባሯን ደገፈች።

"የሸተተህ እውነት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ግን የጥጋብ ሽታ ነው። ሲበዙ ከሥር ያሉት ብርሃን ያጡና ይወድቃሉ፤ ከላይ ያሉት ይወልዳሉ። ደህና ኩሬ ይሸታል አባዬ። የማይሸተው የታመመው ነው።"

"ታዲያ ጨዉ?"

"ጨዉ ነው የሚገድላቸው። የማጠናውም እሱን ነው።"

የሽማግሌው እጅ ፀጉሯ ላይ ቀጥ አለ።

"እኔ ነኝ በዪኛ... እኔው ነኝ? ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ እናት?"

"ያሳደገኝ ጨው ነዋ። ደብተሬም ጫማዬም በሱ ነው። 'አባዬ፣ ዕድሜህን የሰጠኸው ነገር ሐይቁን ሊገድል ነው' እንዴት ይባላል?"

የዝናቡ እጅ እንደገና ፀጉሯን ዳበሰ። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ኢንስፔክተሩ መርምሮም አልደረሰበትም።

"እኔም ሽታውን እንዴት ብዬ" አሉ።

*

ኢንስፔክተሩ ፖሊስ ጣቢያ ሲመለስ ዶሴውን ሊዘጋ ብዕር አነሣ። ዓርብ ነገ ነው። ወንጀል የለም ብሎ ይፈርማል፣ ቦርዱ ይሰበሰባል፣ የግራው ረድፍ ባዶ ነው፣ ሐይቁም አለቀለት። ቀና ሲል መስኮቱ ሥር የኤግዚቢት ማሰሮው ዓይኑን ወሰደው።

ማሰሮው ውስጥ፣ ከገረጡት መካከል፣ አረንጓዴ አለ። ሁለት ሦስት የነበረው ተባዝቶ፣ እያንዳንዷ ቅጠል ጎኗ ላይ የመርፌ ራስ የምታክል ልጅ አቅፋለች።

"ማነው ኤግዚቢት የነካው?" አለ፤ ጢሙ ቆመ። ማስረጃ እንደተገኘ መቀመጥ እንዳለበት፣ ይህን የሚጥስ ፖሊስ ምን እንደሚጠብቀው ዘረዘረ። ሳጅኗ ዘርዝሮ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ንጹህ ውሃ ቀየርኩላቸው። ጠምቷቸዋል ያሉኝ እርስዎ ነዎት" አለች።

ጢሙ ተኛ። ብዕሩንም አስቀመጠው።

የፖሊስ ምርመራ ባልተቋጨበት ጉዳይ ቦርዱ ውሳኔ አይሰጥም፤ ደንብ ነው። ጥያቄው ምርመራው ተቋጭቷል ወይ የሚል ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩ ሲያስበው ገና ብዙ ነገር ጎደለው። የነስናሹን ቃል በደንብ አልጻፈም። የሥራ አስኪያጁንም። በዚያ ላይ የሚጽፈው በአንድ ጣት ነው፤ ያችን ጣት ደግሞ ያመው ጀምሯል።

የዓርቡ ስብሰባ ተላለፈ። ማሰሮው በሳጅኗ ጭን ላይ ሆኖ፣ መኪናው እንደ ሙሽራ መኪና እየተንፏቀቀ፣ ወደ መስታወት ቤቱ ተመለሰ። ረዳቱ የግራውን ረድፍ አጥቦ የሐይቅ ውሃ ሞላው፤ የበሩ ልጅም ከሥራ በኋላ መጥታ ባልዲ አቀበለችው። ዶክተሯ ከጨው ከተረፉት የውሃ ምስሮች አንድ አንድ እያነሣች፣ ሕፃን እንደምታስተኛ ሁሉ ውሃው ላይ አኖረቻቸው። የውሃ አበባውን ከሐይቁ አስመጣችና ሙከራውን ከመጀመሪያው ጀመረች። አንዱን ገንዳ ግን እንደነበረ፣ አባቷ እንደነሰነሱት ለማስረጃ ተወችው። በዘገባዋ ላይም የሆነውን ሁሉ፣ በማን እጅና ለምን እንደሆነ ጭምር እንደምትጽፍ ለአባቷ ነገረቻቸው። "ጻፊው፤ ለከንቱ ከሚቀር ለዚያ ይሁን" አሏት።

በፖሊስ ጣቢያው በኩል ለኢንስፔክተሩ ቀላል አልነበረም። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ተከተለው። ባልደረቦቹ "ዶሴ ከፋቹ" ይሉት ጀመር። አዛዡ ጠርቶ ምን እንደያዘው ሲጠይቀው፣ ጉዳዩ ጥልቅ መሆኑን፣ ምስክሮቹ ብዙ ሺህ እንደሆኑ፣ ቃል ለመስጠትም ገና እያደጉ እንዳሉ አስረዳ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጋንን እውነት መስሎ ያለፈለት ሰው፣ አሁን እውነቱን ቢናገር ቀልድ ነው ተብሎ ተሳቀበት።

የግራው ረድፍ ውሃ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጣቱ፣ "ወንጀል አልተፈጸመም" ብሎ ጻፈና ዶሴውን ዘጋው።

ቦርዱ በተሰበሰበበት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ምክንያት ሳይኖረው በመስታወት ቤቱ በኩል አለፈ። ፈቃዱ እንደተከለከለ ያወቀው ከረዳቱ ፊት ነው፤ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዝናቡ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ አልነበሩም። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ግራው ረድፍ አጠገብ አቁማቸዋለች። አፍንጫቸውን ከፍ አድርገው አየሩን ሳቡት።

"ይሸታል" አሉ፤ ልማድ ነውና ግንባራቸው ቋጠር አለ።

"ይሸታል አባዬ።"

እጃቸውን ወስዳ ገንዳው ውስጥ ነከረችው። ጨው የበላው ያ መዳፍ ቅጠሉን ሰንጥቆ ወረደ፤ ከሥር በኩል ሥሮቹን ዳበሰ፤ ሥሮቹ ረጅም ነበሩ፣ በጣቶቻቸው መካከል እንደ ሕፃን ፀጉር ተንሸራተቱ። ሲያወጡት የውሃ ምስሩ ከመዳፋቸው እስከ አንጓቸው ተለጥፎ እጃቸው አረንጓዴ ሆነ።

"ይሄ ሁሉ?" አሉ።

"ይሄ ሁሉ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አቀረቡ። ግንባራቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

"እንኳን ሸተተ" አሉ።